የሰርግ አበባ ወጪን መቀነስ፦ ከቆጠራው እስከ ሰርጉ ማለዳ

በሰርግ አበባ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሻጩን ዋጋ እንዲቀንስ መጨቅጨቅ ነው። ሻጩም ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው ግን ከአበባው ብዛት ወይም ከጥራቱ ላይ ነው። ይህ አልሆን ሲል "በቃ፣ በጅምላ ገዝተን ራሳችን እንሠራዋለን" ይባላል። ይህኛው በእርግጥ ያዋጣል። ነገር ግን አንዲት ደረጃ ከተዘለለች በዋዜማው ማታ አንገቱን የደፋ አበባ በባልዲ ታቅፎ ሌላ ፍለጋ መሮጥ ይመጣል። ያኔ አበባው ሁለት ጊዜ ተገዛ ማለት ነው።

በእህቴ ሰርግ ይኸው ደርሶብናል። ጽጌረዳው የመጣው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነበር። ካርቶኑን ስንከፍተው ሁሉም እንቡጥ ነው፤ እንደ ሕፃን ጡጫ ጭብጥ ብሏል። ሌሊቱን ለብ ያለ ውሃ ስንቀያይርለት አደርን፤ ሲነጋ ግማሹ እንኳ አልፈካም። የቀረውን ሰርጉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ወለል ብሎ ፈክቶ አገኘነው። አበባው ምንም አልጎደለውም ነበር፤ የቀን ቆጠራችን ነው የተሳሳተው።

ከዚያ ወዲህ በብዙ የዘመድና የወዳጅ ሰርግ ላይ አበባ ሠርቻለሁ። ገንዘቡ የሚፈስባቸው ቀዳዳዎች ሁለት ናቸው፦ ማንም በማያየው ቦታ የተቀመጠ አበባ፣ እና በሰርጉ ቀን ገና ያልደረሰ ወይም ያለፈበት አበባ። ከታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለመድፈን ነው። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ።

ደረጃ 1፦ ከመግዛታችሁ በፊት ቁጠሩ

ይህን ከሰርጉ 2 ወይም 3 ወር ቀደም ብላችሁ ሥሩ። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ አበባው የት ይቀመጣል፣ ስንት ቦታ ነው፣ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ላይ ይወጣል ወይስ አይወጣም። ከዚያ ሁሉንም ጻፉ፤ የሙሽራዋ እቅፍ፣ የሚዜዎች እቅፍ፣ ኮት ላይ የሚሰካው፣ የሙሽሮቹ መቀመጫ፣ የእንግዶች ጠረጴዛ፣ መግቢያው፣ መኪናው፣ ኬኩ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሦስተኛውን ዓምድ እያያችሁ ሰርዙ።

የሙሽራዋን እቅፍ አትንኩ። ቀኑን ሙሉ በእጇ ነው፤ በአብዛኛው ፎቶም ውስጥ ይገባል። ከሙሽሮቹ መቀመጫ ጀርባና ፊት ያለውም እንደዚሁ ነው፤ እንግዳው ለሰዓታት የሚያየው እሱን ነው። የሚሰረዙት ሌሎቹ ናቸው። በየወንበሩ ጀርባ የሚታሰር አበባ ሰው ሲቀመጥበት ይሸፈናል። መሬት ላይ የሚበተን ፔታል (የአበባው ባለ ቀለም ቅጠል) ከመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች በኋላ ረግረግ ይመስላል፤ የሚያንሸራትት መሆኑ ሳይረሳ። የመጸዳጃ ቤት በር ላይ፣ የስጦታ ጠረጴዛ ላይ፣ የደረጃ መደገፊያ ላይ የሚቀመጡትን ያለ ጸጸት ሰርዙ።

አሁን የቀረውን በፍሬ አስሉ። እኔ የምጠቀምባቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

- የሙሽራ እቅፍ፦ ከ20 እስከ 30 ፍሬ መካከለኛ ጽጌረዳ፤ ቅጠል ከተቀላቀለበት ወይም ትልልቅ አበባ ከገባበት 15 ይበቃል
- የሚዜ እቅፍ፦ ከ8 እስከ 12 ፍሬ
- የኮት አበባ፦ 1 ፍሬ ከትንሽ ቅጠል ጋር፤ በላዩ 2 መጠባበቂያ
- ዝቅ ያለ የጠረጴዛ አበባ፦ ከ8 እስከ 10 ፍሬ

ምሳሌ እንውሰድ። 20 ጠረጴዛ በ9 ፍሬ 180 ነው። ሙሽራዋ 25፣ 4 ሚዜዎች በ10 ፍሬ 40፣ የኮት አበባ 8። ድምሩ 253። ለሚሰበረውና ለሚበላሸው 10 በመቶ ስትጨምሩ 278 ይሆናል። አንዱ እስር 20 ፍሬ ከያዘ 14 እስር መግዛት አለባችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ የማስቀመጫውን አፍ። አፉ ሰፊ የሆነ ማስቀመጫ አበባ ይበላል፤ ካልሞላ አበባው ወደ ጎን እየተጋደመ ባዶነቱን ያሳብቃል። አፉ ጠባብ በሆነ ጠርሙስ ወይም ብልቃጥ ውስጥ 5 ፍሬ ከቅጠል ጋር ሙሉ ይመስላል። ስለዚህ 20 ጠረጴዛ በ5 ፍሬ 100፣ የሌላው 73፣ ድምር 173፤ ከመጠባበቂያው ጋር 190፤ 10 እስር። ከ14 ወደ 10 የወረድነው አንድም ጠረጴዛ ሳንሰርዝ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የጠረጴዛ አበባ ቁመት ወይ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች፣ ወይ ከ60 በላይ ይሁን። በመካከሉ ያለው ፊት ለፊት የተቀመጡ እንግዶችን ይጋርዳቸዋል። እንግዳው ራሱ አንስቶ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ለዚያ አበባ የከፈላችሁትም አብሮ መሬት ወረደ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ቀለም ያዙ እንጂ ዝርያ አትያዙ

ሻጩ ዘንድ ሄዳችሁ "ፒዮኒ ነው የምንፈልገው" ካላችሁ ለፒዮኒ የተጠራውን ትከፍላላችሁ። ፒዮኒ ወቅቱ አጭር ነው፤ ከወቅቱ ውጭ የሚገኘው ከሩቅ የመጣ ነው። "ክሬምና ፈዛዛ ሮዝ፣ ክብና ሙሉ የሆነ አበባ" ብትሉ ግን ሻጩ በዚያ ሳምንት በብዛት የገባለትን ያወጣላችኋል። በብዛት የገባው ነው ርካሹም ትኩሱም።

ለጀማሪ እጅ የምመክራቸው አሉ። ካርኔሽን ብዙ ሰው የሚንቀው አበባ ነው፤ እኔ ግን እቆምለታለሁ። 7 ወይም 8 ፍሬ አንገት ለአንገት አጣብቃችሁ ብታስሩት የፔታሉ ጠርዝ እርስ በርሱ ይያያዝና አንድ ትልቅ አበባ ይመስላል። በንጹሕ ውሃ ከ2 ሳምንት በላይ መቆየት ይችላል። ክሪሳንተመምም ጠንካራ ነው። አልስትሮሜሪያና ባለ ብዙ ራስ ጽጌረዳ በአንድ ግንድ ላይ ብዙ አበባ ስለሚያወጡ ቦታ ይሞላሉ። ጂፕሶፊላ ብቻውን በብዛት ሲታሰር ደመና ይመስላል፤ ለመሙያ ብቻ የሚውል አይደለም።

የምትሸሿቸውም አሉ። ሃይድራንጃ ውሃ ትንሽ ሲጎድልበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይኮማተራል። ጋርደንያ ጣት የነካው ቦታ ሁሉ ቡኒ ይሆናል። ቱሊፕ ከተቆረጠ በኋላም ማደጉን አይተውም፤ ማታ ቀጥ ብሎ ያስቀመጣችሁት ጠዋት ወደ ብርሃኑ ተጣሞ ይጠብቃችኋል። እነዚህን ካልተዋችሁ ለባለሙያ ስጡ።

ቀኑንም ተመልከቱ። ከፌብሩዋሪ 14 (ከፍቅረኞች ቀን) በፊት ባሉት ቀናት የቀይ ጽጌረዳ ዋጋ ይወጣል። በማርች 8 እና በእናቶች ቀን ዙሪያም እንዲሁ። ሰርጉ እዚያ ሳምንት ላይ ከወደቀና ቀኑ የማይቀየር ከሆነ ቢያንስ ከቀይ ራቁ።

ስለ ቅጠል። ባሕር ዛፍ፣ ፈርን፣ ማንኛውም ጥሩ አረንጓዴ የአበባውን ቁጥር በሲሶ ያስቀንሳል። ከግቢ መቁረጥም ይቻላል፤ ግን አስቀድማችሁ ፈትኑት። አንድ ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ ውሃ ውስጥ አድርጉ፣ 24 ሰዓት ጠብቁ። ከጠወለገ ሌላ ፈልጉ። ኦሊያንደር ግን አትጠቀሙ፤ ሁለመናው መርዝ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ምግብም ሕፃናትም አሉ።

ደረጃ 3፦ አንድ የሙከራ ጠረጴዛ ሥሩ

ከሰርጉ 3 ወይም 4 ሳምንት ቀደም ብላችሁ፣ የመረጣችሁትን አበባ አንድ እስር ገዝታችሁ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ በሙሉ ሥሩ። ሰዓት ያዙ። አንዱ 20 ደቂቃ ከወሰደባችሁ 20ው ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል፤ ያውም ውሃ ማጠጣቱና ማጓጓዙ ሳይቆጠር። በዚህ ስሌት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ።

የሠራችሁትን ሳትነኩት 4 ቀን አስቀምጡት። የትኛው ቀድሞ ጠወለገ? እሱን ከዝርዝሩ አውጡ። ማታ ደብዘዝ ባለ መብራትም በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ጥቁር ቀይና ወይን ጠጅ በምሽት ብርሃን ጥቁር ሆነው ይቀራሉ።

ሙከራው ከከበዳችሁ አሁን ነው የሚታወቀው። መሃል መንገድም አለ፤ የሙሽራዋን እቅፍና የመቀመጫውን ማስዋብ ለባለሙያ ሰጥቶ፣ ጠረጴዛውንና የኮት አበባውን ራስ መሥራት። ለብዙ ሰው የምመክረው ይህንን ነው፤ ትልቁ ቁጥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ነውና ቁጠባውም እዚያው ነው።

ደረጃ 4፦ ስትገዙ ስለ ግንዱ ርዝመት ጠይቁ

ጽጌረዳ የሚሸጠው በግንዱ ርዝመት ነው። የ70 ሳንቲ ሜትሩ ከ40ው ይወደዳል። እናንተ ግን ለዝቅተኛ የጠረጴዛ አበባ ግንዱን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ትቆርጡታላችሁ፤ ቆርጣችሁ ለምትጥሉት እንጨት አትክፈሉ። ለጠረጴዛ 40፣ ለእቅፍ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አጭሩ ጭንቅላቱ ትንሽ ሊያንስ ይችላል፤ ስለዚህ ናሙና ሳታዩ አትዘዙ።

ትዕዛዙን በጽሑፍ አድርጉት። ስንት እስር፣ በእስሩ ስንት ፍሬ (በአብዛኛው 20 ወይም 25 ነው)፣ ቀለም፣ ርዝመት፣ የሚደርስበት ቀንና ሰዓት፣ ቀለሙ ባይገኝ በምን እንደሚተካ። የመጨረሻውን አትርሱት። ያልተጻፈ ምትክ ሻጩ እንደመሰለው ይተካል።

ስትረከቡ ከየእስሩ አንዱን ፍሬ ከአንገቱ በላይ፣ አበባው ከግንዱ የሚጀምርበት ላይ፣ በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት። ጠንከር ካለ ትኩስ ነው። እንደ ስፖንጅ ከገባ ሰንብቷል፤ መልሱት። የፔታሉ ጠርዝ ላይ ቡኒ ነጠብጣብ ወይም ግራጫ ሻጋታ ካያችሁ ሙሉውን እስር መልሱ፤ ሻጋታው በአንድ ሌሊት ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። የውጭዎቹ 2 ወይም 3 ፔታሎች አረንጓዴ መስመር ያለባቸውና ሸካራ ቢሆኑ ግን አትደንግጡ፤ እንቡጡን የሚጠብቁ ናቸው፤ ስትሠሩ ትነቅሏቸዋላችሁ።

ደረጃ 5፦ ከሰርጉ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

እኛ የወደቅንበት ደረጃ ይህ ነው። እያንዳንዱ አበባ የሚፈካበት የራሱ ጊዜ አለው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ማስመጣት ግማሹን ማበላሸት ነው። ቢቻል በየተራ አስመጡ፦

- 5 ቀን ሲቀረው፦ ሊሊ። እንቡጡ ለመከፈት ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል
- 4 ቀን ሲቀረው፦ አልስትሮሜሪያ፣ ቅጠሎች
- 3 ቀን ሲቀረው፦ ጽጌረዳ፣ ካርኔሽን፣ ክሪሳንተመም፣ ጂፕሶፊላ
- 2 ቀን ሲቀረው፦ ጀርቤራ
- 1 ቀን ሲቀረው፦ ሃይድራንጃ፣ ግድ ከሆነ

በየተራ ማስመጣት ካልተቻለ ሊሊን ተዉት፤ ሁሉንም 3 ቀን ሲቀረው አስመጡ።

ሊሊ እንደተከፈተ በመሃሉ ያሉትን ዱቄት የተሸከሙ ጫፎች በሶፍት ነቅላችሁ አውጡ። ያ ብርቱካናማ ዱቄት ነጭ ልብስ ከነካ በውሃ አትሹት፤ እያሻችሁ ታስገቡታላችሁ። በማጣበቂያ ፕላስተር ነካ ነካ አድርጋችሁ አንሱት። ድመት ባለበት ቤት ደግሞ ሊሊ ፈጽሞ አታሳድሩ፤ ድመትን ይገድላል።

ጂፕሶፊላና ስታቲስ ደርቀውም መልካቸውን ስለማይለቁ ከዚህ ሩጫ ውጭ ናቸው። ርካሽ ባገኛችሁበት ጊዜ ገዝታችሁ፣ ጨለማና ደረቅ ቦታ ቁልቁል ሰቅላችሁ፣ 2 ወይም 3 ሳምንት ብታደርቋቸው ለሰርጉ ይደርሳሉ።

ደረጃ 6፦ ውሃ ማጠጣት

ከዚህ ሁሉ መሃል አንዱን ብቻ በጥንቃቄ ልሥራ የሚል ካለ ይህንን ይሥራ። አበባው በካርቶን ውስጥ ያለ ውሃ ሰንብቶ ነው የሚመጣው፤ የግንዱ ጫፍ ደርቆና አየር ገብቶበት ይሆናል። ከካርቶን አውጥቶ በቀጥታ ወደ ማስቀመጫ መክተት ማለት ጉሮሮው የተዘጋን ሰው ውሃ ጠጣ እንደማለት ነው።

አስቀድማችሁ አዘጋጁ፦ አበባው ሁሉ ሳይጨናነቅ የሚገባበት በቂ ባልዲ፣ የተሳለ የአበባ መቀስ ወይም ቢላዋ፣ በረኪና፣ የአበባ ምግብ ዱቄት ከተገኘ። ባልዲዎቹን በሳሙና፣ በደንብ ካለቀለቃችሁ በኋላም በበረኪና እጠቡ፤ ውስጡን በጣት ስትዳስሱት የሚያሟልጭ ከሆነ ገና አልጸዳም። በረኪናን ግን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ።

1. ካርቶኑ እንደደረሰ ወዲያው ክፈቱ። "ማታ እንሠራዋለን" የለም።
2. በባልዲው ሲሶ ድረስ ንጹሕ ውሃ ሙሉ። የአበባ ዱቄቱን በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ። ዱቄት ከሌለ በ5 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና ይበቃል፤ ሥራው ውሃውን ከባክቴሪያ መጠበቅ ነው።
3. ከውሃው በታች የሚሆነውን ቅጠል ሁሉ አራግፉ። ውሃ ውስጥ የሚቀር ቅጠል ይበሰብሳል፤ የበሰበሰው ደግሞ ግንዱን ይደፍነዋል። እሾኩን ስታነሱ የግንዱን ቆዳ አትላጡት።
4. የግንዱን ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር በሰያፍ ቁረጡ። በወረቀት መቀስ አትቁረጡ፤ ግንዱን ይጨፈልቀዋል።
5. የቆረጣችሁትን ወዲያው ውሃ ውስጥ ክተቱ። 20 ፍሬ ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ከዚያ መክተት አይሆንም፤ አንድ በአንድ።
6. ቀዝቃዛና ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት አሳርፉት። ቢያድር ይሻላል። ማራገቢያ ፊት አታስቀምጡ።
7. በየቀኑ ውሃውን ለውጡ፣ ጫፉን በትንሹ እንደገና ቁረጡ።

ጀርቤራ ከዚህ ይለያል፤ ግንዱ ጸጉራምና ለስላሳ ስለሆነ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃዋል። ዳፎዲልም ለብቻው ባልዲ ይሰጠው፤ ሲቆረጥ የሚያወጣው ፈሳሽ ሌሎቹን ይጎዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ አበባን ፍራፍሬ ካለበት ፍሪጅ ውስጥ አታሳድሩ። እየበሰለ ያለ ፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ አበባን ቶሎ ያስረጀዋል። ካርኔሽን በተለይ አይችለውም፤ ፔታሉን ወደ ውስጥ ጥቅልል አድርጎ ዳግም አይከፈትም። ፍሪጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ባዶ አድርጋችሁ አጽዱት፤ ከግድግዳው ጋር የተነካካው ደግሞ በረዶ ይመታዋል።

ችግር ሲገጥም

ጽጌረዳው አንገቱን ከደፋ፦ አየር ግንዱ ውስጥ ገብቶ ውሃውን አግዶታል። አትጣሉት። ጫፉን 3 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፣ ሙሉ አበባውን ለብ ያለ ውሃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት አስተኙት፣ ከዚያ አንገቱ ቀጥ እንዲል በወረቀት ጠቅልላችሁ ባልዲ ውስጥ አቁሙት። ብዙዎቹ ይነሳሉ። በዚህ ያልተነሳው አይነሳም።

እንቡጡ አልከፈት ካለ፦ ጫፉን ቆርጣችሁ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ ባልዲውንም ሞቃትና ብርሃን ያለበት ክፍል አድርጉት። ውሃው ሲበርድ ለውጡ። በፀጉር ማድረቂያ አታሙቁት፤ የፔታሉ ጠርዝ ይደርቃል።

ቶሎ ከፈካ፦ ቤት ውስጥ ወዳለው በጣም ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አዛውሩት። የፈካውን መመለስ አይቻልም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። በጣም የፈኩትን ለሙሽሮቹ መቀመጫ አውሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ ሙሉ ናቸው።

ሃይድራንጃ ከኮሰመነ፦ ጭንቅላቱን ቁልቁል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ንከሩት፤ በፔታሉም ውሃ ይጠጣል።

ውሃው ከደፈረሰ ወይም ከሸተተ፦ ውሃ መለወጥ ብቻውን አይበቃም። ባልዲውን እጠቡ፣ ግንዶቹን አለቅልቁ፣ ጫፋቸውን ቁረጡ።

ደረጃ 7፦ መሥራት

ሁሉም ሥራ በዋዜማው ነው። ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ጠረጴዛው፣ ቀጥሎ የሚዜዎች እቅፍ፣ የሙሽራዋ እቅፍ፣ መጨረሻ ላይ የኮት አበባ። የሙሽራዋን መጀመሪያ አትሥሩ፤ እጃችሁ የሚፍታታው ከ5 ወይም ከ6 ጠረጴዛ በኋላ ነው። ምርጦቹን 30 ፍሬ ግን ከሥራው በፊት መርጣችሁ ለብቻ አስቀምጡላት፤ አለበለዚያ ጠረጴዛው ይበላቸዋል።

ለጠረጴዛ አረንጓዴውን የአበባ ስፖንጅ መግዛት አያስፈልግም። አፉ ሰፋ ባለ ማስቀመጫ ላይ ግልጽ ፕላስተር ወዲህና ወዲያ እያሻገራችሁ እንደ መረብ ለጥፉ፤ አበባው በየቀዳዳው ቆሞ ይቀራል። የማስቀመጫው ጠርዝ ደረቅ ካልሆነ ፕላስተሩ አይዝም። ስፖንጅ ከተጠቀማችሁ ውሃ ላይ አንሳፍፉትና ራሱ ይስመጥ፤ በእጅ ከደፈቃችሁት መሃሉ ደረቅ ይቀራል፤ እዚያ የተሰካው አበባም ከምሽቱ በፊት ይጠወልጋል። አንዴ የሰካችሁትን ነቅላችሁ እዚያው ቀዳዳ አትመልሱ።

መጀመሪያ ቅጠሉ ይግባ፤ አጥሩን እሱ ይሠራል። ከዚያ ትልልቁ አበባ፤ ክፍተቱን በትንንሹ ሙሉ። በየጊዜው ጎንበስ ብላችሁ በተቀመጠ ሰው ዓይን እዩት፤ እንግዳው ከላይ አያየውም።

የሙሽራ እቅፍ ሚስጥሩ ጠመዝማዛው ነው። ያላችሁን አንድ ፍሬ በግራ እጅ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ሁለተኛውን ጭንቅላቱ ወደ ግራ፣ ጫፉ ወደ ቀኝ አጋድማችሁ በላዩ አሳርፉ። ሦስተኛውንም በዚያው አቅጣጫ። በየ3ቱ ፍሬ እቅፉን በእጃችሁ ውስጥ ትንሽ አዙሩት። በትክክል ከሄደ ግንዶቹ ከታች እንደ ጃንጥላ ዘንግ ይዘረጋሉ፤ ከላይ ክብ ይሆናል። አንድ ፍሬ እንኳ በተቃራኒው ከገባ ግንዱ ተጣልፎ ይሰበራል፤ እሷን ብቻ ጎትታችሁ አውጡ እንጂ ሁሉንም አትፍቱ። እጅ የያዘበት ቦታ ላይ በገመድ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ግንዶቹን እኩል ቁረጡ፣ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ሪባኑ ጠዋት ይታሰራል፤ ማታ ካሰራችሁት ውሃ ይጠጣና ይበላሻል።

የኮት አበባ ቀላል ነው። ጽጌረዳ ወይም ካርኔሽን፣ አንድ ቅጠል፣ የአበባ ቴፕ። ቴፑ የሚጣበቀው ሲለጠጥ ብቻ ነው፤ እየሳባችሁ ጠቅልሉ። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሩ።

ደረጃ 8፦ አንዱን አበባ ሁለት ቦታ አሠሩት

ሥነ ሥርዓቱና ግብዣው በተለያየ ቦታ ከሆነ በመጀመሪያው ቦታ የዋለው አበባ በሁለተኛው መድገም አለበት። ይህ ሐሳብ በየሰርጉ ይነሳል፣ በየሰርጉም ይከሽፋል፤ ምክንያቱ አንድ ነው፦ የሚያጓጉዘው ሰው አልተመደበም። "ልጆቹ ያመጡታል" የተባለ አበባ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ፤ ሚዜ ወይም ፎቶ ላይ የሚፈለግ የቅርብ ቤተሰብ አይሁን። ከየት ተነስቶ የት እንደሚቀመጥ በወረቀት ይሰጠው፤ የትኛው መኪና እንደሚጭነውም አስቀድሞ ይታወቅ። አበባው ራሱ የሚነሳ ሆኖ ይሠራ፤ ግድግዳ ላይ በሽቦ ከታሰረ አይነሳም፣ በማስቀመጫ ከቆመ ይነሳል።

የሚዜዎቹ እቅፍ ደግሞ ሁለተኛ ሥራ አለው። በሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ ውሃ የያዙ ባዶ ማስቀመጫዎች ደርድሩ፤ ሚዜዎቹ ሲገቡ እቅፋቸውን እዚያ ይክተቱ። የዚያን ጠረጴዛ አበባ ከዝርዝሩ ሰረዛችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 9፦ ማለዳው

ለመጓጓዣ ካርቶን ውሰዱና በማስቀመጫዎቹ ዙሪያ የተጨማደደ ወረቀት ጠቅጥቁ፤ እንዳይንቀሳቀሱ። ውሃውን ግማሽ አድርጉት፤ የቀረውን እዚያው ስትደርሱ ትሞላላችሁ። አበባ ከመጫኑ በፊት መኪናው ይቀዝቅዝ። ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ ለአፍታም አትተዉት፤ የ3 ቀን ድካም እዚያ ውስጥ ያልቃል።

መጠባበቂያውን 10 በመቶ፣ መቀስ፣ ቴፕ፣ ስፒልና ፎጣ በአንድ ባልዲ ይዛችሁ ሂዱ። ከኮት አበባዎቹ ቢያንስ አንዱ በመተቃቀፍ መሃል ይጨፈለቃል።

ኬኩ ላይ አበባ የሚቀመጥ ከሆነ ግንዱ በቀጥታ ክሬሙ ውስጥ አይሰካ፤ ለሽያጭ የሚመረት አበባ ለምግብ የማይሆን ኬሚካል የተረጨበት ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ወረቀት ወይም ትንሽ ሳህን ይደረግ፤ ኬኩ ሲቆረጥም አስቀድሞ ይነሳ።

የሙሽራዋ እቅፍ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይቆይ። ከመያዟ 10 ደቂቃ በፊት አውጡት፣ ግንዶቹን በፎጣ ጠብ እስከማይል አድርቁ፣ ሪባኑን እሰሩ። እጇ ላይ ከመስጠታችሁ በፊት በደረቅ ሶፍት ከታች ጫን አድርጋችሁ እዩ፤ ሶፍቱ ከራሰ ቀሚሱም ይርሳል። ፎቶ አልቆ ስትቀመጥ እቅፉን የሚቀበልና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የሚከት አንድ ሰው አጠገቧ ይኑር።